ስለ ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች የተሰጠ መልስ



ባሁኑ ጊዜ በጭሮ ከተማ ሻይ ቤቶችና በግቢያችን የመኝታ ሕንፃዎች አንድ ክርክር ሲነሣ ይሰማል። ክርክሩ ስለ ቡናና ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ውኃ እጥረት ወይም ተመርቀን ስለምንይዘው ሥራ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ አይደለም። በባጃጅ መስታወት ላይ ስለ ተለጠፈ፣ በአንገት ሐብል ስለ ተንጠለጠለ፣ በደብተር ሽፋን ላይ ስለ ተሣለ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው።

አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ይህ የሰሎሞን ማኅተም ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በእጃችን መገኘቱም እኛ የእስራኤል ዘር ለመሆናችን የማይታበል ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ይመልሳል፦ ይህ የእስራኤል መንግሥት ባንዲራ ነው፤ ስለዚህ ኮከቡን የያዘ ሁሉ የእስልምና ጠላት ነው፤ ኮከቡም ካለበት ሁሉ መፋቅ አለበት። ሁለቱ ወገኖች በሌላው ነገር ሁሉ ይለያዩ እንጂ ባንድ ነገር ይስማማሉ። ይኸውም ኮከቡ ከወዴት እንደ መጣ ለመጠየቅ አንዳቸውም አለመድከማቸው ነው።

አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብለዋል። እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር።

በመጀመሪያ ኮከቡ የማንም ፈጠራ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ማንም ተማሪ ኮምፓስ ይዞ አንድ ክብ ይሥራ። የኮምፓሱን ስፋት ሳይለውጥ በክቡ ጠርዝ ላይ እየረገጠ ቢዞር፣ ልክ ስድስት ጊዜ ረግጦ ከተነሣበት ነጥብ ይደርሳል። ነጥቦቹን አንድ አንድ እያለፈ ቢያገናኛቸው ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተቈላልፈው ኮከቡ ይወጣል። ስለዚህ ጠርበው ቤት የሠሩ፣ ብረት የቀጠቀጡ፣ ስፌት የሰፉ ሕዝቦች ሁሉ ሳይጠያየቁ አግኝተውታል። የሕንድ ሂንዱዎች ከጥንት ጀምሮ በሃይማኖታዊ ሥዕላቸው ውስጥ ይሥሉታል፤ እስራኤላውያን ናቸው የሚላቸው ግን የለም።

በአይሁድ ዘንድስ እንዴት ነበር? ብሉይ ኪዳንን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡት ዳዊት ወይም ሰሎሞን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ምልክቱ አደረገ የሚል ቃል አይገኝም። የጥንቱ የአይሁድ ምልክት በኦሪት ዘጸአት አሠራሩ በዝርዝር የተነገረው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ነው። ሮማውያን በ70 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሱን ባፈረሱ ጊዜ ከማረኩት ዕቃ መካከል በድል ሐውልታቸው ላይ የቀረጹት ይህንኑ መቅረዝ ነው። ሐውልቱ የቲቶ ቅስት ይባላል፤ ዛሬም በሮም ቆሞ ይታያል። ኮከብ ግን አልቀረጹበትም።

እርግጥ ነው፣ በገሊላ ባሕር ዳር በቅፍርናሆም በተገኘው ጥንታዊ ምኵራብ ፍርስራሽ ላይ ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ ተቀርጾ ይገኛል። ነገር ግን እዚያው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም ከሌላ ልዩ ልዩ ጌጥ ጋር ተቀርጿል። ይህም ጠራቢው ጌጥ ሲያሳምር እንደ ነበረ እንጂ የእምነት ዓርማ እንዳላቆመ ያመለክታል። በ1008 እ.ኤ.አ. ግድም በካይሮ ተጽፎ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ የሚገኘው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስም በአንድ ገጹ ላይ ይህ ኮከብ ተሥሎበታል። እርሱም በዘመኑ የእስላም አገር ሥዕል ልማድ የተጌጠ መጽሐፍ ነው።

የዳዊት ጋሻ የሚለው ስም ራሱ በመጀመሪያ የኮከብ ስም አልነበረም። በአይሁድ ጸሎት ውስጥ ዳዊትን የጠበቀ እግዚአብሔር የሚጠራበት ቃል ነበር። ስሙ ከሥዕሉ ጋር የተጋባው በመካከለኛው ዘመን ነው፤ ያጋባቸውም የክታብ ጸሐፊዎች ልማድ ነው። በ1354 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ካርል 4ኛ ለፕራግ አይሁዶች የራሳቸውን ባንዲራ የመያዝ መብት ሰጣቸው፤ ኮከቡም የዚያች ከተማ ማኅበር ምልክት እየሆነ ሄደ። በ1656 እ.ኤ.አ. በቪየና በክርስቲያንና በአይሁድ ሰፈር መካከል በቆመ የድንበር ድንጋይ ላይ የክርስቲያኑ ወገን በመስቀል፣ የአይሁዱ ወገን በዚህ ኮከብ ተመለከተ። ከዚያም በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ አይሁዶች የዜግነት መብት ባገኙ ጊዜ ጐረቤቶቻቸው በቤተ ክርስቲያን ላይ መስቀል እንደሚያቆሙ ሁሉ እነርሱም በምኵራባቸው ላይ የሚያቆሙት ቀላል ምልክት ፈለጉ፤ ኮከቡንም መረጡ። በ1897 እ.ኤ.አ. በባዝል የተሰበሰበው የጽዮናውያን ጉባኤ ዓርማው አደረገው። በ1948 እ.ኤ.አ. የእስራኤል መንግሥት በባንዲራው ላይ አኖረው። ሆኖም ይኸው መንግሥት በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ማኅተሙን ሲመርጥ ኮከቡን ትቶ ወደ ጥንቱ መቅረዝ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ በ1949 እ.ኤ.አ. አጥርቶ የጻፈው የአይሁድ ጠላት አይደለም። በኢየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ የአይሁድን ምሥጢራዊ ትምህርት ያስተምር የነበረው ታላቁ ሊቅ ገርሾም ሾለም ነው። የገዛ ሕዝቡን ምልክት ያለ ተረት ለመመርመር ያልፈራ ሰው ነበር። እኛስ ምን ያስፈራናል?

አሁን ወደ አንደኛው ወገን እመለሳለሁ።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ኮከቡ የሰሎሞን ልጆች መሆናችንን ይመሰክራል ብላችኋል። እስቲ ምስክሩን እንጠይቀው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግእዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበት እንደ ሰጣት ይተርካል። በቀለበቱ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነበረ ብሎ ግን አይተርክም። መጽሐፉ አክብሮ የሚያነሣው ታቦተ ጽዮንን ነው። ደብተሮቻችን በብራና ክታብ ላይ የሰሎሞን ማኅተም እያሉ የሚሥሉትን ሥዕል ያየ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስምንት ጫፍ ሆኖ፣ በመካከሉም ዐይን ወይም ፊት ተሥሎበት ያገኘዋል። በሞሮኮ ባንዲራ ላይ የሰሎሞን ማኅተም የሚባለው አምስት ጫፍ አለው። አንዱ አምስት፣ አንዱ ስድስት፣ አንዱ ስምንት የሚል ከሆነ በየትኛው ዳኛ ፊት ነው ይህ ማኅተም ለዘር ክርክር ሰነድ የሚሆነው?

በላሊበላ በቤተ ማርያም ላይ ኮከቡ ተቀርጿል ትሉኛላችሁ። አዎን ተቀርጿል፤ እጅግም ያማረ ነው። ነገር ግን ያንን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት የዛግዌ ነገሥታት ናቸው። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኵኖ አምላክ ዙፋን ሲይዝ፣ ከሰሎሞን ነገድ አይደሉም ተብለው የተነቀፉት እነዚሁ ዛግዌዎች አይደሉምን? ኮከቡ የዘር ማስረጃ ከሆነ የተነቀፉት ነገሥታት ቤት ምን አገባው? በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደ ተባለው፣ እናንተም ከአባታችሁ ይልቅ አጎት ታበዛላችሁ።

ይህ የዘር ነገር ለእኛ ከተማ ሩቅ ተረት አይደለም። ጭሮ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ስትባል ስሟን ያገኘችው ከተፈሪ መኰንን ነው። ጨርጨርን አርአያ አውራጃ ለማድረግ የደከሙት፣ በከተማዪቱም አመሠራረት ስማቸው የሚነሣው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የ1923ቱን ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ያ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ መውረዱን በአንቀጽ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ያንኑ ደገመ። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የተመሠረተው የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንም ባለ ስድስት ጫፉን ኮከብ ከመስቀል ጋር አጣምሮ በሹማምንት ደረት ላይ አኖረው። በባሕር ማዶ ደግሞ ከዚሁ ከተፈሪ ስም ስማቸውን የወሰዱት የጃማይካ ራስ ተፈሪያውያን ኮከቡን የነጻነት ምልክት አድርገው ያዙት። አያቶቻቸው በባርነት ለተሸጡ ሰዎች ይህ ምን ያህል መጽናኛ እንደ ነበረ እረዳለሁ። እዚህ በጨርጨር ግን ያው ዘር ጭሰኛውን ገባር አድርጎ የሚገዛበት ሥልጣን መክደኛ ነበር። አንድ ምልክት በአንድ ዘመን፣ ለአንዱ ነጻነት ለሌላው ቀንበር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

ከሁሉም የሚያሳፍረን ግን ሌላ ነው። በዚህች አገር በእውነት ኦሪትን የጠበቁ፣ ሰንበትን ያከበሩ፣ በየዓመቱ ወደ ተራራ ወጥተው ሲግድን ያከበሩ ሕዝቦች ነበሩ። እነርሱም በጎንደርና በሰሜን የኖሩት ቤተ እስራኤል ናቸው። የእስራኤል ዘር ነን ያሉት ነገሥታት ለእነዚህ ምን አደረጉላቸው? ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ይስሐቅ ወጋቸው። ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይውረስ ብሎ ማወጁም በታሪክ ይነገራል። አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስም እየተከታተሉ ዘመቱባቸው። ርስት ያጣው ሕዝብ ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ ኖረ፤ ለሙያውም የተከፈለው ቡዳ የሚል ስድብ ነው። ማረሻውን ከእርሱ ገዝቶ፣ ምጣዱን ከሚስቱ ገዝቶ፣ ማታ ጅብ ይሆናል እያለ ያማው ሰው፣ በማግስቱ እኔ የሰሎሞን ልጅ ነኝ ይል ነበር!

እነዚያ ቤተ እስራኤል ሃይማኖታቸውን ያቆሙት በኦሪት መጽሐፋቸው፣ በቄሶቻቸውና በንጽሕና ሥርዓታቸው እንጂ በኮከብ አይደለም። ኮከቡ በመካከላቸው የተስፋፋው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ከገባ በኋላ ከባሕር ማዶ አይሁድ ጋር በተገናኙበት ዘመን ነው። በኋላም የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ለጎብኚ በሚሸጡት ዕቃ ላይ ሣሉት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከዐሥራ አራት ሺህ የሚበልጡት ባንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ኮከቡን በባጃጅ ላይ ለጥፎ ዘራቸው ነኝ የሚል ሰው፣ አገራቸው ሳሉ ለምን ጐረቤት እንዳልሆናቸው አስቀድሞ ይመልስ።

ቀጥዬ ለሁለተኛው ወገን እናገራለሁ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በጀመረው የጋዛ ጦርነት ስለ ሞቱት ሕፃናት ልባችሁ መቈሰሉን አልነቅፍም፤ የማይቈስል ልብ የሰው ልብ አይደለም። ነገር ግን የአንድ መንግሥት ሥራ ሌላ፣ የአንድ ሥዕል ታሪክ ሌላ ነው። ኮከቡን የእስልምና ጠላት ነው ብላችሁ ስትፍቁ የምትፍቁት የገዛ አባቶቻችሁን ጌጥ መሆኑን ታውቃላችሁን?

በኢያሪኮ አጠገብ በ8ኛው መቶ ዓመት በኡመያድ ኸሊፋዎች ዘመን የተሠራው የሒሻም ቤተ መንግሥት ታዋቂው የድንጋይ መስኮት ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ነው። የኦቶማኑ የባሕር አዛዥ ኸይረዲን ባርባሮሳ ለእስላም ሲዋጋ ያውለበለበው ሰንደቅ ዓላማ ይህ ኮከብ አለበት፤ በኢስታንቡልም ተጠብቆ ይገኛል። በደልሂ የሙስሊሙ ንጉሠ ነገሥት የሁማዩን መቃብር በዚሁ ኮከብ ተጊጧል። ለእነዚህ ሰዎች ኮከቡ ኻተም ሱለይማን ነበረ፤ የነቢዩ ሱለይማን ማኅተም ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱ አን-ነምል ስለ ነቢዩ ሱለይማንና ስለ ሰበእ ንግሥት ይነግራል። የማኅተሙ ቅርጽ እንዲህ ነው ብሎ ግን አይነግርም፤ ልክ ብሉይ ኪዳንም እንዳልነገረ።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን? በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ገበያ የሚውል ሰው በሕፃናት አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አይቶ ያውቃል። የአንዱን ደብተራ በግእዝ፣ የሌላውን ሼኽ በዐረብኛ ጽፎታል። ቆዳው አንድ ነው፤ የእናቲቱም ፍርሃት አንድ ነው። በግእዙ ውስጥ መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው ጸሎት ይጻፋል። በዐረብኛው ውስጥ ሰባቱ ማኅተሞች ከነኮከባቸው ይሣላሉ። በሁለቱም ጋኔን የሚያባርረው ያው ሰሎሞን፣ ያው ሱለይማን ነው። ክታብ ያድናል አያድንም የሚለውን ለሃይማኖት መምህራንና ለሐኪሞች እተዋለሁ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የጨርጨር ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆቻቸውን ለማዳን ባንድ ንጉሥ ማኅተም ሲታመኑ ኖረዋል፤ እኛ የተማርን ነን የምንለው ግን በዚያው ማኅተም ልንፋጅ ነው።

ደግሞም ይፋቅ የምትሉት ሰዎች አንድ ነገር አስቡ። በመስከረም 1941 እ.ኤ.አ. የጀርመን ናዚ መንግሥት ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ አይሁዳዊ ሁሉ ቢጫ ኮከብ በደረቱ ላይ ሰፍቶ እንዲወጣ አዘዘ። ሰውን በምልክት ለይቶ ጠላት ነው ማለት እንዲህ ተጀምሮ በጋዝ ክፍል አለቀ። ያን ጊዜ ምልክቱን በግድ ለጠፉ፤ እናንተ በግድ ልትልጡ ትፈልጋላችሁ። እጁ ይለያይ እንጂ ሰውን በጨርቁና በሐብሉ የመፍረዱ ሥራ አንድ ነው። መስታወቱ የተፋቀበት የባጃጅ ሾፌር የእስራኤል ጦር አዛዥ አይደለም። የዕለት እንጀራውን ፈላጊ የጭሮ ልጅ ነው።

በመካከሉ ሦስተኛ ወገን ብቅ ይላል። ይህኛው በ1988 ዓ.ም. በሰንደቅ ዓላማችን ላይ የገባውን ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ከዚህ ከባለ ስድስቱ ጋር እያደባለቀ፣ አንድ ጊዜ የአይሁድ ነው፣ አንድ ጊዜ የሰይጣን ነው ይላል። ስለ ሰንደቅ ዓላማው መከራከር የዜጋ መብት ነው። ነገር ግን አምስትና ስድስት ቈጥሮ ሳይለይ ፖለቲካ የሚያስተምረንን ሰው፣ መጀመሪያ ወደ አንደኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት እንዲመለስ በትሕትና እንለምነዋለን።

እንግዲህ ኮከቡ የማን ነው? ዛሬ ኮከቡ የአይሁድ ሃይማኖትና ሕዝብ ዓርማ መሆኑን ማንም አይክድም። በቢጫ ጨርቅ ላይ አስረው ሊያዋርዱበት የፈለጉትን ምልክት ሕዝቡ አንሥቶ በባንዲራው ላይ አኑሮታል፤ ይህም ክብሩ ነው። ዓርማ የሆነው ግን በጥቂት መቶ ዓመታት የታሪክ ሥራ ነው፤ ከሰሎሞን ቀለበት ላይ ወርዶ አይደለም። ከዚያም በፊት፣ ከዚያም ጋር፣ የሙስሊሙ ማኅተም፣ የክርስቲያኑ ጌጥ፣ የሂንዱው ሥዕል ሆኖ ኖሯል። ምልክት በራሱ አፍ የለውም፤ የሚናገረው የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ በሐብሉ ላይ ኮከብ ያየንበትን ጓደኛችንን ዘርህ ምንድን ነው ከማለት፣ ወይም በቡጢ ከመቀበል፣ ይህ ለአንተ ምን ማለት ነው ብለን ብንጠይቀው ይሻላል። መልሱ ምናልባት የእናቴ ስጦታ ነው የሚል ብቻ ይሆናል።

ነቀፋ ብቻ ጽፎ መሸሽ ስለማይገባ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ የተማሪዎች ማኅበራችን በግቢው ውስጥ የማንም ንብረትና ግድግዳ በምልክት ምክንያት እንዳይፋቅና እንዳይበላሽ፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ተማሪ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ በግልጽ ይናገር። ዝምታ ለፋቂው እንደ ፈቃድ ይቈጠራልና።

2ኛ/ የታሪክ መምህራኖቻችን ስለ ምልክቶች ታሪክ ለሁላችንም ክፍት የሆነ ንግግር እንዲያደርጉልን እንለምናለን። ተማሪ በሻይ ቤት ወሬ ሲማር መምህሩ በክፍሉ ቢቀመጥ ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም።

3ኛ/ እኛም በዕረፍት ጊዜያችን ወደ አሰቦት ገዳም አባቶችና ወደ ገለምሶ ሊቃውንት ሄደን በእጃቸው ያለውን ብራናና ኪታብ እንዲያሳዩን በአክብሮት እንጠይቅ፤ የተፈቀደልንንም እየገለበጥን በዚህ ጋዜጣ እናውጣ። የሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ያየ ሰው ለመፋቅ እጁን አያነሣም።

4ኛ/ ስለ ቤተ እስራኤል በትምህርት ቤት ያልተነገረንን ታሪክ እናንብብ። ባንዲራ ከመያዝ በፊት ዕዳን ማወቅ ይቀድማል።

የሚቃወመኝ ሰው ካለ ብዕሩን ያንሣና በሚቀጥለው እትም ይምጣ፤ በደስታ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ማስረጃ ይዞ ይምጣ። በጥፍሩ መስታወት እየፋቀ፣ ወይም በደረቱ ሐብል እያብለጨለጨ ለሚመጣ ተከራካሪ የምሰጠው ሌላ መልስ የለኝም። ኮምፓስ ላበድረው ግን እችላለሁ።